ከ‹ቴክ› እስከ ‹እንካ›

መዝገበ ቃላት ሊገዛ መጻሕፍት መደብር የገባ ሰው ጥራቱን የሚፈትነው ብዙ ጊዜ በአስቸጋሪ ቃል ነው። ረጅም፣ የሕክምና ወይም የሕግ ሽታ ያለው ቃል ያስብና «እስቲ ይህ ይኖረው ይሆን?» ብሎ ይገልጣል። ካገኘው መጽሐፉን አቅፎ ይወጣል። እንዲህ ያለው ፈተና መጽሐፉን አይፈትነውም። ረጅሙ ቃል ለአዘጋጁ ቀላል ሥራ ነው፤ ፍቹ አንድ ስለሆነ በአንድ መስመር ያልቃል። የአዘጋጁ እጅ የሚለየው የሦስት ዓመት ልጅ በሚናገራቸው ትንንሽ ግሶች ላይ ነው። የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ከሆነ ‹ጌት›፣ ‹ፑት›፣ ‹ቴክ› የሚሉትን አውጥቶ ማየት ይበቃል።

እኔ ‹ቴክ›ን እመርጣለሁ። ደሴ ወይዘሮ ስህን ትምህርት ቤት የተማረም ሆነ ኮምቦልቻ የተማረ ልጅ የዚህን ግስ ፍች አያጣውም፤ «ወሰደ» ነው። ጣጣው የሚመጣው ግሱ ስም አስከትሎ ሲመጣ ነው። እንግሊዙ ፎቶ ‹ቴክ› ያደርጋል፣ እኛ እናነሣለን። እሱ ፈተና ‹ቴክ› ያደርጋል፣ እኛ እንፈተናለን። ክኒኑን እንውጣለን፣ ሽሮፑን እንጠጣለን፤ እሱ ሁለቱንም በአንድ ግስ ይጨርሳል። ጊዜ ሲሆን ይፈጃል፣ ሥር ሲሆን ይሰዳል፣ ገላ ሲሆን እንታጠባለን፣ ሚስት ሲሆን እናገባለን። ከኮምቦልቻ ማረፊያ አውሮፕላን ‹ቴክ ኦፍ› ሲያደርግ ተነሣ እንላለን፤ ጫማ ‹ቴክ ኦፍ› ሲደረግ ግን አወለቀ ነው። ልብስ ሰፊ ሱሪውን ‹ቴክ ኢን› ካደረገው አጠበበው፣ አጭበርባሪ ሰውየውን ‹ቴክ ኢን› ካደረገው አታለለው። ልጅ በመልክም በጠባይም አባቱን ሲመስል እንግሊዝኛው ‹ቴክ አፍተር› ይላል፤ አማርኛው «አባቱን ወጣ» ብሎ ይገላገላል። ‹ቴክ ሃርት› ሲሉን አይዞህ ነው፤ ደሴ ከሆንን ደግሞ አብሽር። ይህን ሁሉ ስናልፍ «ወሰደ» አንድ ጊዜ እንኳ አላስፈለገንም።

ይህን ግስ ብልት በብልት አውጥቶ ለማሳየት ከደፈሩት ሰዎች ቀድሞ የሚነሣው ሳሙኤል ጆንሰን ነው። እ.ኤ.አ. በ1755 ለንደን ላይ ያሳተመው መዝገበ ቃላት ከ42,000 በላይ ቃላት ይዟል፤ ለ‹ቴክ› ብቻ 134 ፍች ሰጥቶ አምስት ገጽ ሞልቶበታል። አሠራሩ ቀላል ይመስላል። መጽሐፍ እያነበበ የፈለገውን ቃል በእርሳስ ያሰምርበታል፣ ጸሐፊዎቹ ዐረፍተ ነገሩን በብጣሽ ወረቀት ይገለብጡለታል፣ ወረቀቱ በፊደል ተራ ይከመራል። የእጅ ሥራው የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። የ‹ቴክ› ክምር ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ እንበል። ወታደር ከተማ የያዘበት ወረቀት አለ፣ ዓሣ በመረብ የተያዘበት አለ፣ ንዳድ ሰው የያዘበት አለ። እነዚህ ሦስቱ አንድ መደብ ናቸው ወይስ ሦስት? ከተማውና ዓሣው ላይ አንድ የሚያደርጋቸው ኃይል ይታያል፤ ንዳዱ ግን እጅ የለውም። እንግዲህ ንዳዱን ለብቻው ያወጣዋል? ካወጣው ሐዘን የያዘውን ሰው፣ እንቅልፍ የያዘውን ሰው የት ያድርገው?

ቅርጫ ሲመደብ ያየ ሰው ይህን ችግር ያውቀዋል። ደህና መዳቢ ቢላዋውን በመገጣጠሚያው ያሳልፋል፤ ያልቻለበት አጥንቱን ይፈልጥና ሽራፊው በየመደቡ ይገባል። ጆንሰን በብዙው ቦታ መገጣጠሚያውን አግኝቷል። አንዳንዴ ደግሞ አጥንት ፈልጧል፤ ከ134ቱ ጥቂት የማይባሉት ራሱን የቻለ ፍች ሳይሆኑ ግሱ ከሌላ ቃል ጋር ሲውል የወጡ ሐረጎች ናቸው። አልፈርድበትም። በመጽሐፉ መግቢያ ላይ እነዚህን ትንንሽ ግሶች በስም ዘርዝሮ ልኩ የማይገኝላቸው መሆናቸውን አስቀድሞ ተናግሯል፤ ‹ቴክ›ም ከዝርዝሩ ውስጥ አለች።

ስለ ጆንሰን ይህን ያህል ያወራሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ሰውየው ለወሎ ሰው ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1735 ያወጣው የመጀመሪያ መጽሐፉ ኢትዮጵያ የኖረው የፖርቱጋላዊው ኢየሱሳዊ የአባ ሎቦ የጉዞ ታሪክ ትርጉም ነው። መዝገበ ቃላቱ ከወጣ ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1759፣ የእናቱን የቀብር ወጪ ለመሸፈን ብሎ በአንድ ሳምንት ምሽቶች ‹ራሴላስ›ን ጻፈ። ታሪኩ በአማራ አገር፣ በተራራ በተከበበ ቦታ ከነክብራቸው ስለታጎሩ የንጉሥ ልጆች ነው። ያ አማራ የጥንቱ ቤተ አምሐራ ነው፤ ዛሬ ደቡብ ወሎ የምንለው። የንጉሥ ልጆች ይጠበቁበት የነበረው አምባም ግሸን ነው፤ መስከረም 21 በደረሰ ቁጥር ተሳላሚው በደሴ በኩል የሚተምበት፣ አምባሰል ያለው ግሸን ማርያም። ጆንሰን ተራራውን ሸለቆ አድርጎታል፣ ብዙውን ነገር ከልቡ ፈጥሮታል፤ አገሩንም በዓይኑ አላየም። ሲራክ ኅሩይ ‹ራሴላስ›ን ወደ አማርኛ መልሰውታል። የሆነ ሆኖ ‹ቴክ›ን 134 ቦታ የከፈለው እጅና ግሸንን ለእንግሊዝ አንባቢ ያደረሰው እጅ አንድ እጅ ናቸው። ደሴ ውስጥ እንግሊዝኛ የሚያስተምር ሰው ይህን ለተማሪዎቹ ቢነግር ክፍለ ጊዜው አይባክንም።

ወደ ግሱ እንመለስ። ‹ቴክ› እንግሊዝ አገር አልተወለደም። ከሰሜን በመርከብ እየመጡ ሲወሩ የነበሩት፣ ኋላም እዚያው ሰፍረው ገበሬ የሆኑት የስካንዲኔቪያ ሰዎች ‹ታካ› ይሉት የነበረ ነው። እንግሊዞቹ ለዚህ ጉዳይ ‹ኒማን› የሚባል የራሳቸው ግስ ነበራቸው፤ የጀርመንኛው ‹ኔመን› ወንድም ነው። የጎረቤቱ ግስ ገብቶ የቤቱን ግስ አስወጣው። ቋንቋ ከጎረቤት ስም ሲዋስ አይደንቅም፤ እኛም ስንቱን ከዐረብኛ፣ ከኦሮምኛ፣ ከጣሊያንኛ ተውሰናል። ግስ ሲሆን ግን አማርኛ ይጠነቀቃል። የውጭውን ቃል ስም አድርጎ ይቀበልና የራሱን ግስ ያስከትልበታል፤ ዱዓ አደረገ፣ ቼክ አደረገ ይላል። እንግሊዝኛ በቀን መቶ ጊዜ የሚናገረውን፣ የማድቤት የሆነውን ግስ እንዳለ ለባዕድ መልቀቁ የሁለቱ ሕዝቦች ኑሮ ምን ያህል ተቀላቅሎ እንደነበር ያሳያል።

የተባረረው ግስ ግን አጥንቱ አልጠፋም። ‹ነም› የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል፣ ደነዘዘ፣ ስሜት አጣ ማለቱ፣ የ‹ኒማን› ቅሪት ነው፤ በመነሻው «የተያዘ» ማለት ነበር። በዚህ ቦታ ላይ የደሴ አዛውንት ከጥንት እንግሊዝ ጋር ይስማማሉ። ብርድ የገባበት ሰው «ወገቤን ያዘኝ» ነው የሚለው። ማን እንደያዘው አይጠየቅም።

የእኛ ‹ያዘ› ደግሞ የራሱ ረጅም ሐረግ አለው። ግዕዙ ‹አኀዘ› ነው፤ ኀው በአማርኛ አፍ ውስጥ ጠፍቶ ‹ያዘ› ቀረ። የዐረብኛው ‹አኸዘ› የዚያው ሥር ልጅ ነው፣ ፍቹም ወሰደ፣ ያዘ ነው። ግዕዙ ግሱን «ጀመረ» ለማለት ይጠቀምበታል፤ ዐረብኛውም እንደዚያው ያደርጋል፤ አማርኛም «ማልቀስ ያዘች» ሲል ከሁለቱ አይለይም። ወሎ ውስጥ ይህ የመጽሐፍ ነገር ብቻ አይደለም። በአንድ ቀበሌ ውስጥ አንዱ ልጅ ቅኔ ቤት ሄዶ ‹አኀዘ›ን ከነእርባታው ይገሥሣል፣ የጎረቤቱ ልጅ ቁርኣን ቤት ‹አኸዘ›ን ይቀራል፤ ማታ ተገናኝተው ሲጫወቱ ሁለቱም ‹ያዝ!› ይባባላሉ። ሦስቱ አንድ ሥር መሆናቸውን ግን ብዙ ጊዜ ማንም አይነግራቸውም።

ይህ ግስ ምን ያህል ሥራ እንደሚሠራ ለማየት ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ መውረድ ነው። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ቁልቁለቱ ከ600 ሜትር በላይ ነው። መናኸሪያ ወረፋ ይያዛል። ቀድሞ የገባ ለወንድሙ ቦታ ይይዛል። እናትየዋ ወደ ላይ እስክትወጣ «ልጁን ያዝልኝ» ትላለች፣ የያዘላት ሰው ማን እንደሆነ ሳታውቀው። ሹፌሩ መሪ ይይዛል። ክረምት ከሆነ የጦሳን ተራራ ጉም ይዞታል። ዶሮ መዝለያ የሚባለው ቦታ ላይ ሹፌሩ ፍሬን ይይዛል። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማየት ያስፈልጋል፤ ሹፌሩ ፍሬን ያዘ፣ ደግሞም ፍሬኑ ያዘ። በመጀመሪያው ያዡ ሰው ነው፣ በሁለተኛው ብረቱ ነው። የመጀመሪያው ብቻ ሆኖ ሁለተኛው ከቀረ አደጋ ነው፤ «ፍሬን ይዞ ነበር፣ ግን አልያዘም» የሚለው ምስክርነት ለአማርኛ ጆሮ ቅራኔ የለበትም። ከፊት የመጣ ከባድ መኪና ካለ «ዳርህን ያዝ» ነው። ኮምቦልቻ ሲደረስ ሙቀቱ ይይዛል፣ ረዳቱም ገንዘብ እንደያዘ ይቆጥራል፤ ገንዘብ ያዥ ግን አይባልም፣ ያ ሌላ መደብ ነው፣ ደመወዝተኛ ነው።

ይህን ሁሉ በአንድ አርእስት ሥር ለማስፈር የተቀመጠ ሰው ምን ያድርግ? እዚህ ላይ ሁለት የተለያዩ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ1973፣ በአንድ ዓመት፣ ሁለት የተለያዩ መልሶች ሰጥተዋል።

አንደኛው የደሴው ተወላጅ አምሳሉ አክሊሉ ናቸው። በ1920ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ደሴ ተወልደው፣ አዲስ አበባ፣ ካይሮና የጀርመኑ ቱቢንገን ዩኒቨርሲቲ የተማሩ፣ ዕድሜያቸውን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በማስተማር ያሳለፉ ምሁር ናቸው፤ በ2006 ዓ.ም. ዐረፉ። ከጂ. ፒ. ሞዝባክ ጋር ያዘጋጁትን የእንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላት ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ አሳተመው። ተማሪው በስማቸው ነው የሚጠራው፤ «የአምሳሉ ዲክሽነሪ» ይለዋል። ሁለተኛው ፖላንድ ተወልደው ፓሪስ ከማርሴል ኮኸን ዘንድ የተማሩት፣ ኋላ ካሊፎርኒያ ያስተማሩት ቮልፍ ሌስላው ናቸው። ኢትዮጵያ መጀመሪያ የረገጡት እ.ኤ.አ. በ1946 ነበር፤ መቶ ዓመት ሞልቷቸው በ2006 እ.ኤ.አ. ዐረፉ። የእሳቸው መጽሐፍ ጀርመን አገር ቪስባደን ታትሞ ከ1,500 ገጽ ያልፋል።

ሌስላው የመረጡት መንገድ ፍች መስጠትን መተው ነው። የእንግሊዝኛውን ቃል በአጭር ዐረፍተ ነገር ውስጥ ያስገቡታል፣ የአማርኛውን ዐረፍተ ነገር ከጎኑ ያስቀምጡታል፣ ያበቃል። አንባቢው ‹ቴክ› ምን ማለት እንደሆነ አይነገረውም፤ ሲሠራ ያየዋል። ለረጅም ስም ይህ አሠራር ትርፍ ነው፣ ለትንሽ ግስ ግን ከዚህ የተሻለ እኔ አላየሁም። ምክንያቱ አማርኛ ግሱን የሚመርጠው የሚያዘውን ነገር አይቶ ስለሆነ ነው። ጊዜና ገንዘብ ይፈጃሉ፣ እሳትም ይፈጃል፤ ፎቶ ይነሣል፣ ብድርም ይነሣ ነበር። ነገሩ ካልተጠራ ግሱን መምረጥ አይቻልም። ዐረፍተ ነገሩ ነገሩን ይጠራል። የዐረፍተ ነገሮቹ ተራነትም ሙያ ነው፤ ትልቅ ሐሳብ የያዘ ምሳሌ ዓይንን ወደ ሐሳቡ ስለሚወስድ ግሱ ይሸፈናል።

አምሳሉ ይህ ምቾት አልነበራቸውም። የተማሪ መጽሐፍ ነው፤ መጠኑም ዋጋውም ልክ አለው። እንግዲህ የእሳቸው ሙያ መተው ላይ ነው። መቶ ሠላሳ አራቱን ሳይሆን ተማሪው ነገ ጠዋት መማሪያ መጽሐፉ ላይ የሚያጋጥመውን ማስቀመጥ፣ ቀሪውን ለጊዜው ማለፍ። መተው ከመጨመር ይከብዳል፤ የጨመረ ሰው ሲሳሳት ገጽ ይበዛበታል፣ የተወ ሰው ሲሳሳት ተማሪ ይወድቅበታል። ብዙ ሰው ይህን መጽሐፍ «ትንሹ» እያለ ሲንቀው ሰምቻለሁ፤ አልስማማም። ሁለቱን ቋንቋ አብሮ የሚያስብ አእምሮ ካልሆነ እንዲህ ያለውን ቁጥብነት አይሸከመውም። አምሳሉ የተዉትንም ሜዳ ላይ አልጣሉትም። ከ‹አደፍርስ› ደራሲ ከዳኛቸው ወርቁ ጋር ሆነው ‹የአማርኛ ፈሊጦች›ን በ1979 ዓ.ም. በኩራዝ አሳተሙ። ግስ ከስም ጋር ተጋብቶ ሦስተኛ ነገር ሲወልድ መዝገበ ቃላት አይበቃውም፤ ቂም ያዘ፣ ነገር ያዘ፣ አፉን ያዘ የሚባለው ሁሉ ማደሪያው ሌላ ነው። ለእነዚህ የብቻ ቤት መሥራታቸው የባለሙያ ውሳኔ ነበር። በዚያው ዓመት የአማርኛ–እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላታቸውም ወጣ።

ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ሲኬድ ሌላ ውበት ይታያል። እንግሊዝኛ ‹ቴክ›ን የሚያበዛው ከኋላው ትንሽ ቃል እየቀጠለ ነው፤ ኦፍ፣ ኢን፣ አፕ፣ ኦቨር እያለ። የአማርኛው ግስ ቅጥያ አይለምንም፤ ራሱ ይለወጣል። ያዘ፣ ተያዘ፣ አስያዘ፣ ተያያዘ፣ አያያዘ። ከግሱ ደግሞ ስሙ ይወጣል፤ ይዞታ የመሬት ነው፣ ይዘት የመጽሐፍ ነው፣ መያዣ የባንክ ነው፣ አያያዝ የሰው ነው። «የእንግዳ አያያዝ ያውቅበታል» ማለትና «እጁ ላይ ያለውን አያያዝ አያውቅም» ማለት አንድ ቃል ነው፣ ወሎ ውስጥ የመጀመሪያው ምርቃት፣ ሁለተኛው ስድብ ነው። ይህን ዛፍ ከነቅርንጫፉ ማየት የሚሻ ሰው የአሜሪካዊውን የቶማስ ሊፐር ኬንን መዝገበ ቃላት ይክፈት። እ.ኤ.አ. በ1990 በሁለት ጥራዝ የወጣው ይህ መጽሐፍ ከ2,300 ገጽ በላይ ነው። ኬን ሥሩን ያስቀድምና እርባታውን በተራ ያወርዳል፣ በእያንዳንዱም ሥር ሐረጎቹን ይደረድራል። ቅር የሚለኝ ነገር ቢኖር ከብዛቱ የተነሣ የተለመደውና የማይሰማው እኩል መቀመጣቸው ነው። አንባቢ ሆኖ ለሚፈታ ሰው መጽሐፉ ወርቅ ነው፤ አማርኛ ሊናገር ለሚማር ሰው ግን አደገኛ ነው፤ ከዘጠኙ ሐረግ ስምንቱን ገበያ ላይ ቢናገር ይሳቅበታል።

የዚህ ሥራ ሥሩ ግን አውሮፓ አይደለም። ቅኔ ቤት ተማሪው ከሁሉ በፊት ግስ ይቆጥራል። ቀተለ፣ ቀደሰ፣ ገብረ፣ አእመረ እያለ አርእስተ ግሱን ይይዛል፣ ሌላውን ግስ ሁሉ በየአለቃው ሥር ያሰልፋል፣ ፍቹን በአማርኛ ያወርዳል። አንድ ግስ ሁለት ፍች ሲኖረው ደስ የሚለው ደግሞ የቅኔ ተማሪ ብቻ ነው፤ ሰሙን በአንደኛው፣ ወርቁን በሁለተኛው ይሠራበታል። ከዚህ ቤት ነው መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የወጡት። የጀመሩትን የግዕዝ መዝገበ ቃላት ለደቀ መዝሙራቸው ለአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ አወረሱ፤ ኪዳነ ወልድ ዕድሜ ልካቸውን ሠርተውበት ሳይታተም በ1936 ዓ.ም. ዐረፉ፤ አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ ደግሞ የመምህራቸውን አደራ አስቀድመው መጽሐፉን በ1948 ዓ.ም. አሳተሙ። የራሳቸው ‹ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት› የወጣው ከዚያ 14 ዓመት ቆይቶ፣ በ1962 ዓ.ም. ነው። ሦስት ሰው፣ አንድ ጠረጴዛ። የእንግሊዞቹ ትልቁ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላትም እንዲሁ ነው፤ ዋናው አዘጋጅ ጄምስ መሪ በ1915 እ.ኤ.አ. ሲሞት ሥራው ገና ነበር፣ የተፈጸመው በ1928 ነው። ልዩነቱ መሪ ዐረፍተ ነገር እየቀዱ የሚልኩለት በጎ ፈቃደኞች በየአገሩ ነበሩት። ደስታ ያን ያህል እጅ አልነበራቸውም።

ለእኔ ከሁሉም የሚደንቀኝ ትንሹ ነገር ‹እንካ› ነው። እንግሊዝኛ «ቴክ ኢት» ብሎ ዕቃ ሲያቀብል በዚያው በተለመደው ግስ ነው። አማርኛ ለዚያች ቅጽበት ብቻ የተለየ ቃል አስቀምጧል። ሰኞ ገበያ ላይ በርበሬውን ሰፍራ የምታቀብል ሴት ለወንድ ልጅ እንካ፣ ለሴት እንኪ፣ ለአዛውንት እንኩ ትላለች። ቃሉ እጅ ካልተዘረጋ አይነገርም፤ በስልክ «እንካ» የሚል የለም። ኀላፊ ጊዜ የለውም፣ ትንቢት የለውም፣ አሉታ የለውም። «አታንካ» ብሎ መከልከል አይቻልም፣ «ትናንት እንካሁት» አይባልም። ትእዛዝ ብቻ ሆኖ የቀረ ግስ ነው። ታዲያ መዝገበ ቃላት አዘጋጅ የት ያስቀምጠው? ግስ እንዳይለው እርባታ የለውም፤ ግስ አይደለም እንዳይል ለወንድ፣ ለሴት፣ ለብዙ ይለዋወጣል። የአንድን አዘጋጅ ጥንቃቄ መለካት ከፈለጋችሁ ይህችን ቃል ፈልጉ፤ ማንን ይዛ እንደምትወጣ፣ በእንግሊዝኛ ምን እንደተሰጣት ተመልከቱ። ‹ቴክ› ብሎ ብቻ ያለፈ ሰው የተዘረጋውን እጅ አላየውም።

ስለ ‹ወሰደ› አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ዛሬ ጋዜጣውም ሬዲዮውም ይህን ግስ የ‹ቴክ› ጥላ አድርጎታል። ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ ያለው መንገድ ሰዓታት ይወስዳል፣ ባለሥልጣኑ ዕረፍት ወስዷል፣ ተማሪው ፈተና ወስዷል፣ ወጣቱ ሻወር ወስዷል። ወሰደ አቅጣጫ ያለው ግስ ነው፤ ከዚህ ወደዚያ ነው፣ የቆመበት ሰው ሲሄድ ያየዋል። ስለዚህ «ዣንጥላ ውሰድ» ሲባል ተናጋሪው እቤት ቀሪ ነው። ሻወር ግን ማንም የትም አይወስደውም። ሁሉንም አልቃወምም፤ «እርምጃ ወሰደ» ቤተኛ ሆኗል፣ ከእንግዲህ የሚያስወጣው የለም፣ ‹ቴክ›ም እንግሊዝ አገር እንዲያ ነው የገባው። «ጊዜ ወሰደ» ግን ‹ፈጀ›ን ሊያስረሳን ነው፤ ‹ፈጀ› ውስጥ እሳት አለ፣ ያለቀው ነገር አመዱ ይታያል። «ተፈተነ» የሚለውን ባለ አንድ ቃል ግስ ጥሎ ሁለት ቃል መሸከምም ትርፉ አይታየኝም። የአምሳሉና የሌስላው ሥራ ዋጋ እዚህ ላይ ነው። ከ50 ዓመት በፊት ሁለቱም ግሱን ከነገሩ ጋር እያጋቡ መርጠውልናል፤ ገልጦ ማየት ብቻ ነው የቀረው።

መጽሐፎቹ ግን እንደ ልብ አይገኙም። የኬን ሁለት ጥራዝ ለመምህር ኪስ አይቀመስም፣ የሌስላው መጽሐፍም ቤተ መጻሕፍት ካልሆነ አይታይም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ያሉ ትምህርት ቤቶችና ወሎ ዩኒቨርሲቲ ብዙ ንብረት አጥተዋል። አዲስ አበባም ሆነ ባሕር ማዶ ያላችሁ፣ መደርደሪያችሁ ላይ የሌስላው፣ የኬን፣ የደስታ ወይም የ‹አማርኛ ፈሊጦች› ሁለተኛ ቅጂ ያላችሁ ሰዎች፣ አንዱን ለደሴና ለኮምቦልቻ ቤተ መጻሕፍት ላኩት። በፖስታ ከመላክ ግን ወደዚያ በሚሄድ ሰው እጅ መስጠት ይሻላል፤ ጥራዞቹ ከባድ ናቸው።